ይሄ ብናኝ የየትኛው አበባ ነው? ዲኤንኤው ይጠየቅ

ባለፈው እትም ስለ ንቦች ስጽፍ «አሁን አሁን ማር ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ በዲኤንኤ ይለያል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ይሄን ሁሉ ጥያቄ ያመጣችው እሷ ናት። ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ጉዳይ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ንብ ማነብ ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ንቦቼ ከየትኛው አበባ እንደሚቀስሙ በዓይኔ አይቼ አውቃለሁ እል ነበር። ልጄ ግን «ማሩን ላብራቶሪ ብንልከው የአበቦቹን ስም ዘርዝረው ይነግሩናል» ይለኛል። እውነት ነው? ድሮ በማይክሮስኮፕ ይታይ የነበረውስ ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፣ ጋሼ። እርስዎም አልተሳሳቱም፤ ቀፎው አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ላብራቶሪ አያውቀውም። ችግሩ ንብ ሩቅ መሄዷ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቀፎዋ 2 ወይም 3 ኪሎሜትር ሳትርቅ ትቀስማለች፤ አበባ ሲጠፋ ግን 10 ኪሎሜትር ድረስ የሄዱ ንቦች ተመዝግበዋል። ያን ሁሉ መሬት በዓይኑ የሚከታተል ሰው የለም። ማሩ ግን መዝግቦ ያስቀምጠዋል።

እንዴት መሰልዎት፣ ንቧ አበባው ላይ ስታርፍ ብናኙ ገላዋ ላይ ይጣበቃል። የተወሰነውን ጠራርጋ የኋላ እግሯ ላይ ጠቅጥቃ ትወስደዋለች። የተወሰነው ደግሞ ከአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ኔክታር ከሚባለው፣ ጋር ተቀላቅሎ ማሩ ውስጥ ይገባል። የአንዱ ብናኝ ስፋት በአብዛኛው ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ1,000 ቢከፈል አንዷ ቁራጭ አንድ ማይክሮሜትር ናት፣ ትንሽነቱን ከዚህ ይገምቱት። የውጭ ሽፋኑ የተሠራው ስፖሮፖሌኒን ከሚባል ነገር ነው። ይሄ ነገር ብርቱ አሲድ እንኳ የማይበግረው ነው፤ መሬት ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮም ቅርጹን እንደያዘ ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ጌጥ አለ። አንዱ እሾሃማ ነው፣ ሌላው መረብ ይመስላል፣ ሌላው ሦስት ቀዳዳ አለው። የማይክሮስኮፕ ባለሙያ የሚያነበው ይሄንን ጌጥ ነው።

ጥሩ ሥራ ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ፣ ዓመታት የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ በየቦታው እያነሰ ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ ብዙ ዘመዳሞች ብናኛቸው አንድ ዓይነት ነው። የሳርን ብናኝ ይውሰዱ። በዓለም ላይ ከ11,000 በላይ የሳር ዝርያ አለ፣ ብናኛቸው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ክብ፣ ለስላሳ፣ አንድ ቀዳዳ ያለው ነው። ባለሙያው ምን ያድርግ? «ሳር ነው» ብሎ ያቆማል። በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥም ያው ችግር አለ። «ከዚህ ቤተሰብ ነው» እስከሚለው ድረስ ይደርሳሉ፣ ዝርያው ላይ ግን መንገዱ ይዘጋል።

ዲኤንኤ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ከማሩ ከ10 እስከ 40 ግራም ይወሰድና ለብ ባለ ውሃ ይቀጥናል። ከዚያ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ብናኙ ከታች ይዘቅጣል። ያ ጠንካራ ሽፋን መሰበር ስላለበት ዝቃጩ ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር ቱቦ ውስጥ ተደርጎ በኃይል ይንቀጠቀጣል። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ይወጣል። ዲኤንኤው በጣም ትንሽ ስለሆነ በፒሲአር ይባዛል፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ስሙን የሰማነው ፒሲአር ማለት ነው። እያንዳንዱ ዙር ቅጂውን እጥፍ ያደርገዋል። 30 ዙር ያለ እክል ቢሄድ ከአንዲት ቅጂ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይገኛል።

የሚባዛው ግን ሁሉም ዲኤንኤ አይደለም። አንዲት የተመረጠች ቁራጭ ናት፣ ከዝርያ ዝርያ የፊደሏ ቅደም ተከተል የሚለያይ። ዕቃ ላይ እንደሚለጠፈው ባለመስመር መለያ ናትና ባርኮድ ብለው ሰየሟት። ሐሳቡን በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ያስተዋወቀው በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፖል ሄበርት ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው ለእንስሳት ነበር። ለዕፅዋት የትኛው ቁራጭ ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረው በ2009 አርቢሲኤልና ማትኬ የተባሉት ሁለቱ ተመረጡ። ለብናኝ ሥራ ግን ማትኬ እንደ ልብ አይባዛም። ስለዚህ ብዙዎቹ አርቢሲኤልን አይቲኤስ2 ከሚባለው ጋር ያጣምራሉ።

ማሩ ውስጥ የ30 አበባ ብናኝ ካለ የ30ውም ባርኮድ ተደባልቆ ነው የሚወጣው። የድሮው የዲኤንኤ ማንበቢያ ይሄን አይችልም፤ 30 ሰው አንድ ላይ ሲያወራ እንደመስማት ነው። የዛሬዎቹ ማሽኖች ግን እያንዳንዷን ቁራጭ ለየብቻ፣ በሚሊዮን ቁጥር ያነባሉ። የተነበበው ስማቸው ከታወቀ ዕፅዋት መዝገብ ጋር ይነጻጸራል፣ ዝርዝሩም ይወጣል። ሜታባርኮዲንግ የሚባለው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አርቢሲኤል ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ተክሉን አረንጓዴ በሚያደርገው የሴል ክፍል፣ ውስጥ ያለ ጂን ነው። እኛ የተማርነው ደግሞ በአብዛኞቹ አበባማ ዕፅዋት ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት በኩል እንጂ በብናኝ በኩል አይደለም። ታዲያ ብናኝ ውስጥ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዚህ ተጠራጥረው ነበር። ብናኝ አንድ ሴል ብቻ እንዳልሆነ አስታውስ። ትልቁ ሴል ቱቦ ሠርቶ ወደ እንቁላሉ መንገድ የሚጠርግ ነው። በውስጡ ያለው ትንሹ ሴል ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የወንዴ ዘር ይሆናል። ክሎሮፕላስትም ሆነ የእሱ ቤተሰብ የሆኑት ፕላስቲዶች የሚጠፉት ወይም የሚቀነሱት ከዚህ ከትንሹ ነው፣ የሚወረሰው እሱ ስለሆነ። ትልቁ ሴል ግን ፕላስቲዶቹን ይዞ ይቆያል። ዶቃው ብናኙን ሲሰነጥቀው የሁለቱም ሴሎች ዲኤንኤ ነው የሚወጣው። አርቢሲኤል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፣ ደጋግሞም ተሳክቷል። አይቲኤስ2 ደግሞ የሴሉ እምብርት በሆነው ኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ጥሩ የሚሆነውም በከፊል ለዚህ ነው፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ማሬን አስመርምሬ ነበር። ውጤቱ «ባሕር ዛፍ 62 በመቶ» ይላል። «62 በመቶ የባሕር ዛፍ ማር» ብዬ ማሸጊያው ላይ ብጽፍ ችግር አለው?

መልስ፦ አትጻፊ። እባክሽ አትጻፊ። ዛሬ ከመለስኳቸው ሁሉ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና።

62 በመቶ የተባለው የማሩ አይደለም፣ የብናኙም አይደለም። ማሽኑ ካነበባቸው የዲኤንኤ ቁራጮች መካከል 62 በመቶው ከባሕር ዛፍ ጋር ገጠሙ ማለት ብቻ ነው። ከአበባው እስከዚህ ቁጥር ድረስ ረጅም መንገድ አለ፣ በየመንገዱም ሚዛኑ ይዛባል።

ከአበባው እንጀምር። አንዳንድ አበባ ብዙ ኔክታር ሰጥቶ ብናኙ ትንሽ ነው፤ ላቬንደርና ብርቱካን እንደዚህ ናቸው። እንደ አውሮፓው የቼስትነት ዛፍ ያለው ደግሞ በተቃራኒው ብናኙን ያዘንበዋል። ለዚህ ነው በማይክሮስኮፕ ቆጠራ እንኳ የአንድ አበባ ማር ለመባል 45 በመቶ የሚለው የተለመደ መነሻ ለሁሉም የማይሠራው። ለቼስትነት መስፈርቱ በጣም ከፍ ይላል፣ ለላቬንደር ደግሞ ዝቅ ይላል። ጭራሽ ኔክታር የሌላቸው፣ በንፋስ የሚራቡ ዕፅዋትም ማር ውስጥ ይገኛሉ። ንፋሱ ብናኛቸውን አበባው ላይ ወይም ቀፎው ላይ አራግፎት ሊሆን ይችላል፣ ንቦቹም ራሳቸው ለብናኙ ብለው ሄደው ሊሆን ይችላል። ማሩን ግን አልሠሩትም።

ላብራቶሪ ሲገባ ሌላ መዛባት ይጀምራል። የአንዱ ብናኝ ሽፋን ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የሌላው እምቢ ይላል። እምቢ ያለው ዲኤንኤውን ስላልሰጠ በውጤቱ ላይ ያንሳል። ቀጥሎ የቅጂ ቁጥር አለ፦ አይቲኤስ2 በአንድ ሴል ውስጥ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ አለው፣ ቁጥሩም ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል። የፕላስቲድ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአንዱ ተክል አንድ ብናኝ በዲኤንኤ ሚዛን ላይ የሌላውን ብዙ ብናኝ ሊያህል ይችላል። ከዚያ ፒሲአር ይመጣል። የሚባዛውን ቁራጭ የሚያመለክቱት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ከአንዱ ተክል ጋር ልክክ ይላሉ፣ ከሌላው ጋር ትንሽ ይንሸዋረራሉ። የተንሸዋረረው በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ በ30 ዙር ውስጥ ያቺ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ትሆናለች።

ታዲያ ቁጥሩ ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ባሕር ዛፍ በ62 በመቶ አንደኛ ከወጣ ማሩ ውስጥ በደንብ አለ፤ 0.1 በመቶ ሆኖ እንደወጣው እንግዳ ተክል አይደለም። በተመሳሳይ መንገድ በአንድ ላብራቶሪ የተሠሩ ናሙናዎችን ማነጻጸርም ትችያለሽ። የመጀመሪያው ምርት ላይ ባሕር ዛፍ 60 ሆኖ ሁለተኛው ላይ 5 ከሆነ አንድ ነገር ተለውጧል። አንዱን ተክል ከሌላው ጋር ማነጻጸሩ ነው አደገኛው፣ ያውን አንድ ተክል ከናሙና ናሙና መከታተሉ ግን ያስኬዳል። ትክክለኛ መጠን ካስፈለገሽ ደግሞ ናሙናው ተከፍሎ በማይክሮስኮፕም ይቆጠርልሽ። ሁለቱ አይጣሉም፦ ዲኤንኤው ስሙን ያጠራል፣ ማይክሮስኮፑ ቁጥሩን። ማሸጊያው ላይ መጻፍ ካለብሽ ያለ ቁጥር «ባሕር ዛፍን ጨምሮ ከተለያዩ አበቦች» ብትይ እውነት ነው፣ ገዢውንም አያሳስትም።

ጥያቄ፦ የእኔ ውጤት ላይ ደግሞ በእኛ አካባቢ ፈጽሞ የሌለ ተክል ወጣ። እንዲያውም በአህጉሩ ላይ የለም። ላብራቶሪው ሸወደኝ?

መልስ፦ ሸወደኝ ከማለትህ በፊት ሦስት ነገር አጣራ።

መጀመሪያ መዝገቡ። ማሽኑ የተክል ስም አያውቅም፣ ፊደል ብቻ ነው የሚያነበው። ስሙ የሚገኘው መዝገቡ ውስጥ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ነው። የአንተ አካባቢ ተክል መዝገቡ ውስጥ ካልገባ ፕሮግራሙ በጣም የሚቀርበውን ዘመዱን ይጠራል፣ ያ ዘመድ ሌላ አህጉር ላይ ይሁን አይሁን ደንታ የለውም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። የተጠራውን ተክል ቤተሰብ ፈልግና ከዚያው ቤተሰብ አንተ ጋ ምን እንደሚያብብ እይ፤ እውነተኛው ባለቤት እዚያ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ተክሉ መዝገብ ውስጥ ቢኖርም ባርኮዱ ከዘመዶቹ አይለይም። እርስ በርስ የሚዳቀሉ ቤተሰቦች፣ ለምሳሌ አኻያ፣ እንዲህ ያስቸግራሉ። ታማኝ ላብራቶሪ እንደዚህ ሲሆን የዝርያ ስም አይጠራም፣ «ከዚህ ወገን ነው» ብሎ ይተወዋል።

መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማየት የሚፈልግ ዌልስን ይይ። በ2012 ዌልስ በምድሯ ላይ ያሉትን ሀገር በቀል አበባማና እንደ ጥድ ያሉ ኮን አፍሪ ዕፅዋት በሙሉ፣ 1,143 ዝርያ፣ ባርኮዳቸውን መዝግባ በመጨረስ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሀገር ሆነች። ሥራውን የመራው የዌልስ ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተሠራ ልንገርህ። በ1952 በመላ ብሪታንያ የተሰበሰበ ማር በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ውጤቱ ተቀምጦ ነበር። ተመራማሪዎቹ በ2017 ከንብ አናቢዎች እንደገና ማር ሰብስበው በዲኤንኤ መረመሩት። በ1952 ዋናው የንቦቹ ተክል ነጭ ክሎቨር ነበር፣ የማገጥ ዘመድ የሆነው። በ2017 ግን ክሎቨር ቦታውን ለዱር እንጆሪ ለቆ ተገኘ፤ ለዘይቱ የሚመረተው ጎመን ዘርና ከውጭ ገብቶ የተስፋፋው የሂማልያ ባልሳም ደግሞ ጨምረዋል። የግጦሽ መሬቱ አያያዝና እርሻው ሲለወጥ የንቦቹ ማዕድም አብሮ ተለውጧል። የ65 ዓመት የመሬት ታሪክ ማር ውስጥ ተነበበ ማለት ነው። መዝገቡ ባይኖር ግማሹ ስም አልባ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ብክለት ነው። ፒሲአር አንዲትን ቅጂ ቢሊዮን የሚያደርግ ከሆነ በአየር ላይ ተንሳፋ የገባችውንም ብናኝ ቢሊዮን ያደርጋታል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ላብራቶሪ ከናሙናዎቹ ጎን ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦ አብሮ የሚያስኬደው። ባዶው ቱቦ ላይ ያ ተክል ከወጣ ከላብራቶሪው የመጣ ነው። ደውልና «የባዶው ውጤት ምን ነበር?» በላቸው። መልስ ከሌላቸው እኔ አላምናቸውም።

ሦስተኛው በጣም ቀላል ነው። ተክሉ በእውነት አለ፣ አንተ አላየኸውም። የሰው ግቢ ውስጥ የተተከለ የጌጥ አበባ ሊሆን ይችላል። ንብ አጥር አታውቅም።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በሳር አበባ ወቅት አፍንጫዬና ዓይኔ ያሰቃዩኛል። የአየር ትንበያው «የሳር ብናኝ ከፍተኛ» ይላል፣ እኔ ግን አንዳንዱ ከፍተኛ ቀን ምንም አይለኝም፣ አንዳንዱ ቀን ይገድለኛል። ዲኤንኤ ለዚህ መፍትሔ አለው?

መልስ፦ እግዜር ይማርሽ። ከላይ ለጋሼ ያልኩትን አስታውሺ፣ በማይክሮስኮፕ ሳር ሁሉ አንድ ነው። አየሩን የሚከታተለው መሣሪያ በደቂቃ 10 ሊትር አየር ይስባል፣ ሰው አርፎ ሲቀመጥ የሚተነፍሰውን ያህል መሆኑ ነው። የገባው ብናኝ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል፣ ባለሙያው ይቆጥረዋል፣ «ሳር» ብሎ ይጽፋል። ትንበያው የሁሉንም ሳር ድምር ነው የሚነግርሽ።

በብሪታንያ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት ይሄንኑ የአየር ብናኝ በዲኤንኤ ለየው። የተገኘው ነገር ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነው፦ የሳር ወቅት የሚባለው አንድ ወጥ ወቅት አይደለም። በመጀመሪያ አንዱ የሳር ዓይነት ይነሳል፣ እሱ ሲወርድ ሌላው ይተካዋል፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ዓይነት «ከፍተኛ» በሚባሉ ሁለት ቀናት የምትተነፍሽው የተለያየ ሳር ሊሆን ይችላል። የሚያስቸግርሽ ከእነሱ አንዱ ብቻ ቢሆን አይገርመኝም። ውጤቱ በየቀኑ ለሕዝብ የሚደርስበት ደረጃ ላይ ገና አልተደረሰም፣ የላብራቶሪ ሥራው ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ የሚያምሽን ቀን በማስታወሻ ያዢ፣ በዚያ ሰሞን ዙሪያሽ ያበበውን ሳር ፎቶ አንሺ፣ ለሐኪምሽ አሳዪ።

ጥያቄ፦ ቢራቢሮ አትላንቲክን ተሻገረች፣ ይሄም በብናኝ ዲኤንኤ ተረጋገጠ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ማጋነን አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፣ እኔ ይሄን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ይገርመኛል። በጥቅምት 2013 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በደቡብ አሜሪካ በፈረንሳይ ጊያና የባሕር ዳርቻ፣ ጄራርድ ታላቬራ የተባለ የቢራቢሮ ተመራማሪ ክንፋቸው የተጎዳ ጥቂት ቢራቢሮዎች አሸዋው ላይ አርፈው አገኘ። ዓይነታቸው ፔይንትድ ሌዲ የሚባለው ነው። ይሄ ቢራቢሮ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ አይኖርም።

ከየት መጡ? የገላቸው ዘረመል ከሰሜን አሜሪካዎቹ ይልቅ ከአውሮፓና ከአፍሪካዎቹ ጋር ገጠመ። የክንፋቸው ኬሚካላዊ ይዘትም ያደጉበትን ቦታ ወደ ምዕራብ አውሮፓና ምዕራብ አፍሪካ ጠቆመ። ከዚያ ገላቸው ላይ የተጣበቀው ብናኝ ታጠበና ዲኤንኤው ተነበበ። ከተገኙት ውስጥ ሁለቱ ጊየራ ሴኔጋለንሲስ የሚባል ቁጥቋጦና እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ናቸው። ሁለቱም በዚያ ወቅት በምዕራብ አፍሪካ ያብባሉ፣ በደቡብ አሜሪካ በተፈጥሮ አይበቅሉም። ቢራቢሮዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የጎበኙትን አበባ ብናኝ ይዘው ነው ውቅያኖሱን የተሻገሩት። ቢያንስ 4,200 ኪሎሜትር፣ በንፋስ እየታገዙ፣ ከ5 እስከ 8 ቀን ውስጥ እንደተጓዙ ተገምቷል። ጥናቱ በ2024 ታተመ። ከ1 ግራም በታች የምትመዝን ነፍሳት ላይ መከታተያ መሣሪያ አስሮ ውቅያኖስ ማሻገር አይቻልም። ብናኟ ግን መከታተያ ሆነች።

ጥያቄ፦ ፖሊስ በብናኝ ወንጀለኛ ይይዛል? ደግሞስ ብናኙ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው ዲኤንኤው የሚነበበው?

መልስ፦ ለመጀመሪያው፣ አዎ፣ ከዲኤንኤውም በፊት። በ1959 ኦስትሪያ ውስጥ በዳኑብ ወንዝ ጉዞ ላይ አንድ ሰው ይጠፋል። የተጠርጣሪው ጫማ ላይ የነበረው ጭቃ ሲታይ የዛሬ ዕፅዋት ብናኝ በሚሊዮን ዓመታት ዕድሜ ካለው የሂከሪ ዛፍ ብናኝ ጋር ተደባልቆ ተገኘ። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ቦታ በወንዙ ዳር ጠባብ ስለነበር ተጠርጣሪው ይሄ ሲነገረው አምኖ ሬሳውን የቀበረበትን አሳየ። ያ በማይክሮስኮፕ ነው። ዲኤንኤ ሲጨመርበት የዝርያው ስም ይጠራል፣ ቦታውም የበለጠ ሊጠብ ይችላል።

ለሁለተኛው፣ ሽፋኑ ሚሊዮን ዓመት ይኖራል፣ ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ግን ቶሎ ይሰባበራል። እንደ አቀማመጡ ነው። ስዊድን ውስጥ ከሐይቅ ሥር ከወጣ 10,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የፓይን ብናኝ ዲኤንኤ ማውጣት ተችሏል፤ ቅዝቃዜና አየር ማጣት ጠብቀውታል። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ደርቀው ለአሥርት ዓመታት ከተቀመጡ ንቦች ላይም ብናኝ ተወስዶ ተነቧል። የያኔ ሰዎች ንቧን ሲሰበስቡ የትኛውን አበባ እንደምትወድ ለማወቅ አልነበረም፣ ግን ብናኟን አብረው ሰብስበውልናል።

ጥያቄ፦ እኔ የማላውቀውን እንዲያውቁልኝ ናሙና ልልክ ነው። ከንቦቹ እግር የወደቀ ብናኝ ሰብስቤያለሁ። እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ መጀመሪያ ላብራቶሪውን ጠይቅ፣ እያንዳንዱ የራሱ ምርጫ አለው። ካልነገሩህ ግን ጠላትህ እርጥበት እንደሆነ አስብ። እርጥብ ብናኝ ይሻግታል፣ ሻጋታው ዲኤንኤውን ይበላዋል። በዚያው ቀን ጠል ከሚመጥ ደረቅ ሲሊካ ጋር አሽገው ወይም ፍሪዘር ውስጥ ክተተው። ፀሐይ ላይ አታስጣ። ማር ከሆነ ንጹሕ ብልቃጥ ይበቃዋል፣ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ግን በጣም በጠበቀ ማጣሪያ የተጣራ ማር አትላክ፣ ብናኙ ማጣሪያው ላይ ቀርቷል።

የእያንዳንዱን ቀፎና የእያንዳንዱን ቀን ለየብቻ አድርግ። ከቀፎ ወደ ቀፎ ስትሄድ ጓንትና ማንኪያ ቀይር፣ በየመሃሉ ብናኝ ሳትነካ የከፈትከውንና የዘጋኸውን አንድ ባዶ ብልቃጥም ጨምረህ ላክ። በዚያ ሰሞን አካባቢህ ያበበውን ተክል ሁሉ ስም ጽፈህ አብረህ አያይዘው፤ መዝገቡ ሲወላውል ባለሙያውን የሚረዳው ያ ዝርዝር ነው። አንዳንዶች ናሙናውን አልኮል ውስጥ አድርገው ይልካሉ፣ እሱም ይሆናል። አልኮል የእስክሪብቶ ጽሑፍ ስለሚያጠፋ ቀኑንና የቀፎውን ቁጥር በእርሳስ ጻፈው።